ስለ ጎጆ መውጣት፤ በሳይንት አጅባርና በዙሪያው ቤት እንዴት በገንዘብ ብቻ የሚገኝ ነገር እንደ ሆነ

በአገራችን ጎልማሳ ሲያገባ «ጎጆ ወጣ» ይባላል። ወላጆቹና ዘመዶቹ የሚሰጡት በሬ፥ ላምና እህልም የጎጆ መውጫ ይባላል። ባልና ሚስት አንዱ ሌላውን «ባለቤቴ» ብሎ ይጠራል፤ ስሙም እጅግ ከመክበሩ የተነሣ የሰዋስው መምህራን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሥራውን የሚሠራውን ስም ባለቤት ብለውታል። በአንጻሩ በሰው መሬት ላይ እሳት አንድዶ የሚኖረው ሰው ጢሰኛ ተባለ፤ የእርሱ የሚባለው ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ብቻ ነውና። በእንዲህ ያለ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ቤትን ከሰው ማዕርግ ጋራ አስተሳስሮ እንደ ኖረ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያሻም።

ዛሬ ግን በአጅባር ሆነ በመካነ ሰላም፥ በአቀስታም ሆነ በደሴ፤ ዕድሜው ለትዳር የደረሰ ወጣት ለምን እንዳላገባ ቢጠየቅ «ምን ቤት አለኝና» ብሎ ይመልሳል። ሽማግሎቹ ይህን ሲሰሙ «እኛ በአንድ በጋ ሠርተን የገባንበትን ቤት ይህ ትውልድ ለምን አቃተው» እያሉ ይገረማሉ፤ አንዳንዶቹም ስንፍና ነው ይላሉ። ወጣቱም እውነቱን ነው፤ ሽማግሌውም እውነቱን ነው፤ የስንፍናው ነገር ግን ሐሰት ነው። ሁለቱን የለያያቸው በመካከላቸው ያለው ታሪክ ነው። ቤት አንድ ነገር አይደለምና፤ ቦታ አለው፥ እንጨት አለው፥ ክዳን አለው፥ የሚሠራው ጉልበት አለው። እነዚህ አራቱ በአባቶቻችን ዘመን በርስት፥ በጫካና በጉርብትና ይገኙ ነበረ። ከዚያ በኋላ አንዱ ከሌላው እየቀደመ ወደ ገበያ ወጡ። የኑሮው ውድነት የመጣባቸው አራቱም ገበያ ገብተው ካለቁ በኋላ ነው፤ ስለዚህም የዛሬውን ወጣት እንደ አባቶቹ በአንድ በኩል ብቻ ሳይሆን በአራቱም በኩል አገኘው።

ሳይንት የጥንቱ ቤተ አምሓራ ክፍል ነው። ተድባበ ማርያም በዚሁ አገር ናት፤ ከአክሱም፥ ከመርጡለ ማርያምና ከጣና ቂርቆስ ጋራ አስቀድሞ መሥዋዕተ ኦሪት የተሠዋባት ቦታ እንደ ሆነች አበው ይተርካሉ። አፄ በእደ ማርያም አትሮንሰ ማርያምን በቤተ አምሓራ አሠሩ፤ አፄ ናዖድ የጀመሩትን መካነ ሥላሴንም ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ፈጸሙት። ሁለቱም በ1524 ዓ.ም. በግራኝ አሕመድ ሠራዊት እጅ ተቃጠሉ። የመካነ ሥላሴን የወርቅ ጌጥ የእስላሞቹ ታሪክ ጸሓፊ ሳይቀር በመደነቅ ጽፎታል። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር ግን ይህን ሁሉ ያሠሩት ነገሥታት ራሳቸው በድንኳን ይኖሩ እንደ ነበረ ነው። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የተቀመጠው የፖርቱጋል ቄስ አልቫሬዝ የንጉሡ ሰፈር ከቦታ ወደ ቦታ ሲዘዋወር አይቶ ሥርዓቱን በዝርዝር ጽፏል። «ከተማ» የሚለውም ቃል ያን ጊዜ የንጉሥ ጦር የሚሰፍርበትን ቦታ የሚያመለክት ነበረ። እንግዲህ በዚያ ዘመን ጸንቶ የሚቆም ቤት የነበራቸው ሁለት ነበሩ፤ አንዱ እግዚአብሔር ነው፤ ሁለተኛው ገበሬው ነው።

የገበሬው ቤት እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ በሰፊው መናገር ይገባናል፤ የዛሬው ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚለካው በዚያ ነውና። ልጁ ለማግባት ሲታሰብ አባቱ ከርስቱ ላይ ቦታ ያሳየዋል። መከር ከገባ በኋላ፤ ወንዞች ሲጎድሉና ሰው ከእርሻ ሲያርፍ፤ ድንጋይ ከማሳ ይለቀማል፤ ማሳውም ይጸዳል፤ ካቡም ይነሣል። ቋሚው ጽድ ወይም ወይራ ነው፤ እነዚህ ምስጥ የማይደፍራቸው ናቸው። ምሰሶው በመካከል ይተከላል፤ ወራጁ ይደረደራል፤ ማገሩ በልጥ ይታሰራል፤ አንድ ምስማር አይገባበትም። በከፍተኛው ደጋ ጓሳ፥ ዝቅ ባለው ሰንበሌጥ ይታጨድና በክዳን አዋቂ እጅ ይከደናል። ክዳን አዋቂው ከሁሉ ይልቅ ይከበራል፤ ክረምት ሲመጣ የሚመሰገነውም የሚረገመውም እርሱ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋራ በእግር ይረገጣል፤ ግድግዳውን ሴቶች ይመርጉታል፤ መደቡንም እነርሱ ይሠራሉ።

ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው ምን ነበረ? ጎረቤት በደቦ ወይም በጅጌ ይጠራል፤ እንጀራና ጠላ ይቀርባል። ወሎ የክርስቲያንና የእስላም አገር ነውና በደቦው ውስጥ እስላም ጎረቤት ሲኖር ለእርሱ ቀሪቦ ይጠመቅለታል። የዛሬው ባለ ቤት ነገ በጎረቤቱ ደቦ ይገኛል፤ ባይገኝ ግን ማንም አይከሰውም፤ ብቻ በሚቀጥለው ጊዜ ማንም አይመጣለትም። ስለዚህ ቤት ያለ ዋጋ ይሠራ ነበረ ማለት ስሕተት ነው። ዋጋው ዕድሜ ልክ የሚከፈል የጉርብትና ዕዳ ነበረ። ነገር ግን ይህን ዕዳ የሃያ ዓመት ጎልማሳም ሊገባበት ይችል ነበረ፤ ጉልበት አለውና። ዛሬ የሚጠየቀው ዕዳ ግን ጉልበት ብቻ ያለውን ሰው አያስገባም።

ይህን ስል ያለፈውን ዘመን ሁሉ ለማመስገን አይደለም። ያ ቤት ጢስ የሞላበት፥ ከብትና ሰው አብረው የሚያድሩበት፥ አንድ ፍንጣሪ ቢያገኘው በአንድ ሌሊት አመድ የሚሆን ቤት ነበረ። ጌታም ሳይጠራው የሚገባበት ቤት ነበረ፤ ወታደር ተሰሪ ሆኖ በገበሬው ቤት ሲመራ ምድጃውንም መኝታውንም ለእንግዳው ለቆ ባለቤቱ ጓሮ የሚያድርበት ጊዜ ብዙ ነው። ከክፉ ቀን በኋላ፤ በ1880ዎቹ ዓመታት፤ አፄ ምኒልክ ወታደሩ በገበሬው ቤት መሠራቱ ቀርቶ ገበሬው ዐሥራት ለመንግሥት እንዲያገባ ያወጁት ይህን ግፍ አይተው ነው። ደግሞም የርስት ተካፋይ ያልነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ ቀጥቃጩ፥ ሸማኔው፥ ከሩቅ የመጣው ስደተኛና ባሪያ ሆኖ የኖረው፤ እነዚህ ጎጆ የሚሠሩት በሰው ፈቃድ ነበረ። የርስት ሥርዓት ለባለ ዘር ደግ ነበረ፤ ዘር ቈጥሮ ለማይደርስ ሰው ግን ደጁን የዘጋ ነበረ።

ከአራቱ መጀመሪያ የጎደለው እንጨት ነው። የወሎ ደጋ ለብዙ ምዕት ዓመታት ሲታረስ ኖሯልና ጽዱና ወይራው እየተመነጠረ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ብቻ ቀረ። ተጓዥ ዛሬም በሩቅ ጥቁር ዛፍ ካየ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ያውቃል። በቦረናና በሳይንት መካከል ያለው የደንቆሮ ጫካ ከጥንቱ ደን የተረፈ ነው፤ በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ፤ ኋላም የወረሂመኖ ስም ተጨመረለት። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው በዚያ ተጠበቁ፤ መልካም ሆነ። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ማገር ቈርጦ ጓሳም አጭዶ ቤት መሥራት እንደ ቀድሞው አልሆነም። በደኑ ፋንታ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶ ተብሎ ከባሕር ማዶ መጣ፤ ፈጥኖ ስለሚያድግ በየደጋው ተሰራጨ፤ ድኻውንም ከቤት እጦት አዳነ ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ከጽዱ አንድ ልዩነት አለው። ጽዱን ማንም አልተከለውም፤ ባሕር ዛፉን ግን የተከለው ሰው አለ፤ የተከለውም ሰው ይሸጠዋል። በዚህ ጊዜ እንጨት ዋጋ ያለው ዕቃ ሆነ። ገበሬው አጣናውን ለከተማ እንጨት ነጋዴ እየሸጠ፤ የገዛ ልጁ ጎጆ ሲወጣ ግን ዋጋውን አስቦ የሚሰጥበት ዘመን መጣ።

ሁለተኛው ክዳኑ ነው። የፈረንሳዮቹ ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ቆርቆሮን በብዛት አመጣ፤ ቆርቆሮውም በነጋዴ አጋሰስ፥ በኋላም በመኪና እየተጫነ ወደ ደሴ፥ ከደሴም ወደ ምዕራቡ ደጋ ወጣ። የቆርቆሮ ክዳን በመጀመሪያ የባለጸጋ ምልክት ነበረ፤ አብያተ ክርስቲያናትም ሣራቸውን አውርደው ቆርቆሮ ለበሱ፤ ምእመናንም ለዚህ ብዙ ገንዘብ አዋጡ። በኋላ ግን የባለጸጋነቱ ምልክት የሰውነት ምልክት ሆነ። የልጅቱ ወላጆች ሽማግሌ ሲመጣባቸው «ቤቱ ምን የለበሰ ነው» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ሣሩም በበኩሉ እርሻው ወደ ግጦሹ ሲገፋ ጠፋ፤ ስለዚህ ቆርቆሮ መምረጥ ቀርቶ ግድ ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው ቆርቆሮ የአገር ዕቃ አለመሆኑ ነው። ፋብሪካው በአገራችን ቢኖርም ብረቱ ከውጭ ይመጣል፤ ስለዚህ በሳይንት ተራራ ላይ የሚሠራ ጎጆ ዋጋው ከባሕር ማዶ ገንዘብ ጋራ ታሰረ።

ሦስተኛው ቦታው ነው፤ የዚህ ታሪክ ዘመን ተለይቶ ይታወቃል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑ ታወጀ። ሐምሌ 19 ቀን በዚያው ዓመት የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቍጥር 47 ተወረሰ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በቀር እንዳይኖረው፤ የመኖሪያውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተደነገገ። እስከ 300 ብር ያለው ኪራይ እንደ መጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነውም ቤት ለቀበሌ ተሰጠ። ያን ጊዜ ተከራይ የነበረው ሰው የተደሰተው ደስታ ታላቅ ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። የአዲስ አበባ ድኻ በጌታ ደጅ ሲንከራተት የኖረ ነውና።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላውም ዓለም ሆኗል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1915 በስኮትላንድ አገር በግላስጎ ከተማ የነበሩ ሴቶች ባሎቻቸው በጦርነትና በፋብሪካ ሳሉ ኪራይ ሲጨመርባቸው አንከፍልም ብለው ተነሡ፤ የብሪታንያ ምክር ቤትም በዚያው ዓመት ኪራይ እንዳይጨመር ሕግ አወጣ። ነገር ግን ኪራይን መገደብና ቤት መሥራት ሁለት ሥራ ነው። በዚያ አገር መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ በማዘጋጃ ቤቶች እጅ ብዙ ቤት አሠራ። በእኛ አገር ግን የቀበሌው ኪራይ በጥቂት ብር ቆሞ ሲቀር አዲስ ቤት በቍጥሩ ልክ አልተሠራም፤ የሚፈርሰውን የሚያድስም አልተገኘም። የከተማው ሕዝብ ግን ጨመረ። በትንንሾቹ ከተሞች ትርፍ ቤት ያለው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ የተወረሰው ቤት ብዙ አልነበረም፤ በእነርሱ ላይ የከበደው ሌላው የአዋጁ ክፍል ነው፤ ይኸውም አባት ለልጁ ቦታ ማሳየት መቅረቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ቦታ የሚያሳየው መሥሪያ ቤት ሆነ።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን በተለየ የነካቸው ነገር በዚሁ ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ ቄሱና ደብተራው ባገለገለበት ደብር የሰሞን መሬት ነበረው፤ ቤቱም በዚያ ላይ ነበረ። ማኅሌት የሚቆም ሰው ስለ ቤት አያስብም ነበረ፤ ቤቱ ከአገልግሎቱ ጋራ የመጣ ነውና። መሬቱ ሲወሰድ ገጠሬው ካህን እንደ ማንኛውም ገበሬ ከማኅበሩ ድርሻውን ተቀበለ፤ የከተማው ካህን ግን በደመወዝ ብቻ ቀረ። አቡነ ቴዎፍሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን፤ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ ሰበካ ጉባኤ ተቋቁሞ ነበረና የካህናቱ ኑሮ በምእመናን አስተዋፅኦ ላይ ወደቀ። ያ ደንብ ከመሬቱ መወረስ ሁለት ዓመት ቀድሞ ባይወጣ ኖሮ ብዙ ደብር በተዘጋ ነበረ። ነገር ግን ምእመኑ የሚያዋጣው ለዕጣንና ለጧፍ፥ ለሕንፃና ለቀለብ ይደርስ ይሆናል እንጂ ለካህኑ የቤት ኪራይ ተብሎ የታሰበ ገንዘብ አልነበረም፤ ድሮ እንዲህ ያለ ወጪ ስላልነበረ ማንም አላሰበውም።

በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኃብ፥ ከርሱም የከፋው የ1977ቱ፤ ብዙውን ጎጆ ባዶ አደረጉ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፥ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አገር በሰፈራ ተወሰደ፤ አብዛኛው የወሎ ሰው ነበረ። የቀረው መሬትም ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. አካባቢ በወሎ እንደ ገና ተደለደለ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ያን ጊዜ ያልተወለደው ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ አጠቃላይ ድልድል ስላልመጣለት ያለው የአባቱን ድርሻ ከወንድሞቹ ጋራ መሸንሸን ነው፤ ሽንሽኑም የእርሻ መሬት አይበቃም፤ ለጎጆ ቢቆርሱለት ማሳው ያልቃል። ስለዚህ ወደ አጅባር፥ ወደ መካነ ሰላም ይወርዳል፤ በዚያም ቤት ይከራያል።

በከተማ ደግሞ የሊዝ ሥርዓት ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ በ1986 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1994 ተለወጠ፤ በኅዳር 2004 ደግሞ አዋጅ ቍጥር 721 ተተካ። መሬት እንዳይሸጥ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት በዐንቀጽ 40 ስለ ተደነገገ የሚሸጠው በላዩ የመኖር መብት ነው፤ ይኸውም ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት ነው። በጨረታ የሚያሸንፈው ብዙ የሰጠ ነው። ጨረታ የማይችሉ ሰዎች በቤት ማኅበር ተደራጅተው ቦታ እንዲያገኙ ተፈቅዷል፤ ነገር ግን የግንባታውን ወጪ ከፊል አስቀድመው በባንክ በዝግ ሒሳብ ማኖር አለባቸው። ይህ ደንብ ቦታ ወስዶ ሳይሠራ የሚሸጠውን ነጋዴ ለመከልከል የወጣ ነው፤ አሳቡ ደግ ነው። ይሁን እንጂ ቤት ለመሥራት የሚጠራቀመው ገንዘብ፤ ቤት ለመሥራት ፈቃድ ከማግኘት በፊት እንዲገኝ መጠየቁ መምህር ደመወዙን ሲያስቀምጥ የሚያረጅበት ምክንያት ሆኗል። በአዲስ አበባም በ2005 ዓ.ም. ለ10/90፥ ለ20/80ና ለ40/60 ቤቶች ምዝገባ ሲከፈት ከ800 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተመዘገበ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከዐሥር ዓመት በላይ እየቆጠቡ ጠበቁ።

የገንዘቡን መንገድ ሌላ ቦታ ያገኙት የወሎ ልጆች፤ ይልቁንም ሴቶቹ ናቸው። ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ቤይሩት ሄደው በሰው ቤት እያገለገሉ በአገራቸው ቤት ያሠራሉ። በደሴ፥ በኮምቦልቻና በሐይቅ፤ እስከ ምዕራቡ ደጋም ድረስ፤ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ያለው አዲስ ቤት ያየ ሰው የማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ይገምታል። የሌላውን ቤት እየጠረገች የራሷን ቤት የምትሠራ ልጅ ምስጋና ይገባታል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ስንቱ መሠረት ሳይደመደም እንደ ቀረ እግዚአብሔር ያውቃል። ነገር ግን በሪያል የሚመጣው ገንዘብ የቦታውን ዋጋ ከፍ ሲያደርገው፤ በብር ደመወዝ ያለው መምህርና ካህን፥ ነርስና ጸሓፊ ከሰልፉ ወጡ።

አራተኛው ጉልበት ነው። በከተማ ደቦ የለም። ቅሬው ሬሳ ይቀብራል፥ ድንኳን ይተክላል፥ ኀዘንተኛ ያጽናናል፤ ቤት ግን አይሠራም። ሠራተኛው በቀን ዋጋ ይቀጠራል፤ ድንጋዩም አሸዋውም በጭነት ይመጣል። ሲሚንቶ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆነ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልሉ የሆነው ውጊያ መንገድ እየዘጋ ጭነቱን ብርቅ አደረገው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከላይ እንደ ተናገርነው ቆርቆሮው የባሕር ማዶ ብረት ነውና፤ ጎጆውም ዐብሮ ጨመረ። መንግሥት በዚሁ ዓመት በመጋቢት ወር የኪራይ መቈጣጠሪያ አዋጅ አውጥቷል፤ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዝዛል። የሕግ ሰው ያመሰግነዋል፤ ግን ከግላስጎ ሴቶች ታሪክ እንዳየነው ይህ ያለውን ቤት የሚያካፍል እንጂ የሌለውን የሚያመጣ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን ነገር እንመለስ። በሥርዓታችን ዲያቆን ቅስና የሚቀበለው ወይ መንኵሶ ወይ በሕግ አግብቶ ነው፤ ከቀሰሰ በኋላ ማግባት የለም። ስለዚህ በከተማና በገጠር ለሚያገለግለው ሕዝብ የሚሆነው ካህን አስቀድሞ ጎጆ መውጣት አለበት። ቅዳሴ ደግሞ ከአምስት ልዑካን ባነሰ አይከናወንም፤ ሁለት ካህናት፥ ሦስት ዲያቆናት። ይህን ቍጥር ከቤት ኪራይ ጋራ አያይዞ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ዲያቆኑ ድጓውን ጨርሶ፥ ዜማውን አጥርቶ፤ የሚያገባትም ልጅ ታጭታለት፤ የሚያስገባበት ክፍል አጥቶ ዓመት ከዓመት ይቆያል። አንዱ ሲሰለች አገልግሎቱን ትቶ ወደ ንግድ ይገባል፤ ሌላው በሰፊ ከተማ ይሻላል ብሎ ደብሩን ጥሎ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ በዚያም ከአንዱ ደብር ደጅ ጥናት ወደ ሌላው ይዞራል። በተራራው ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ግን ሁለተኛ ካህን አጥታ በበዓሏ ቀን እንኳ ከሌላ ደብር ትለምናለች። ስለ አገልጋይ መጕደል ስንሰበሰብ ስለ ትምህርት ማነስና ስለ መንፈስ መቀዝቀዝ ብዙ እንናገራለን፤ ስለ አንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ግን አንናገርም።

የከተማ ደብሮች ግን ገንዘብ የላቸውም ማለት አይቻልም። በቅጽራቸው ዙሪያ ሱቅ እየሠሩ ለልብስ ሰፊና ለዕቃ ነጋዴ ያከራያሉ፤ ከዚያም የሚገኘው ኪራይ ለሕንፃና ለጉልላት ይውላል። ይህ ክፉ አይደለም። ነገር ግን በተሠራው ሱቅ ላይ አንድ ደርብ ቢጨመርበት፤ በደርቡም አራት ወይም አምስት ያገቡ ዲያቆናት ቢኖሩበት፤ ደብሩ ከነጋዴው የሚያገኘው ሳይጎድል ከመቅደሱ የሚጎድለው በሞላ ነበረ። ለዚህ የሚበቃ መሠረት ያለው ሱቅ በአንዳንዱ ደብር ቆሟል፤ ጎድሎ የሚገኘው የሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የአብነት ተማሪው ነገር ነው። እርሱ ከጥንት ጀምሮ ከሁሉ ድኻ ነው፤ አኵፋዳውን ይዞ ለምኖ ይበላል፤ ነገር ግን ቤት አጥቶ አያውቅም። በጉባኤ ቤቱ ዙሪያ ከጓደኞቹ ጋራ እንጨት ቈርጦ፥ ሣር አጭዶ፤ በሁለት ቀን የምትቆም ጎጆ ይሠራል፤ ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድም ለሚመጣው ትቶለት ይሄዳል። ኪራይ የለም፥ ሊዝ የለም፥ ዝግ ሒሳብ የለም። አሁን በአንዳንዱ ጉባኤ ቤት ያች ጎጆ በላስቲክ ተሸፍና ትታያለች፤ ሣሩ የሚታጨድበት መስክ ታርሷልና። ላስቲኩንም ተማሪዎቹ ለምነው ካገኙት ሳንቲም አዋጥተው ከገበያ ይገዙታል።